ማሽላውን ለመጠበቅ ጠመንጃ ልግዛ ወይስ ይቅር?

  

ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ስለ ዘርና ስለ ዩሪያ ነው፤ ነሐሴ ላይ ስለ አቀንጭራና ስለ አገዳ ቆርቁር ነው። መስከረም ጠብቶ ማሽላው ራስ ማውጣት ሲጀምር ግን ወሬው ሌላ ይሆናል። ከደዋ ጨፋም፣ ከአርጡማ ፉርሲም፣ ከጅሌ ጥሙጋም የሚደወለው ባብዛኛው ስለ ዝንጀሮ፣ ስለ ከርከሮ፣ ስለ ጃርትና ስለ ግሪሳ ነው። ስልኩ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ አንዲት ጥያቄ ትከተላለች፦ «አንዲት መሣሪያ ብገዛስ ምን ይመስልሃል?»

እኛ የግብርና ሰዎች በሥልጠና ላይ ስለ ጠመንጃ አልተማርንም። ጉዳዩ የፖሊስ ነው የሚል ባልደረባ ብዙ ነው፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን ገበሬው ለመግዛት የሚያስበው በሬ ሸጦ ከሆነ፣ የሚጠብቅበትም ማሽላ ከሆነ፣ ነገሩ የእርሻ ጉዳይም ነው። ዘንድሮ ደግሞ ጥያቄው ከራሴ ቤተሰብ መጣ። እንዴት እንደወሰንን ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁ ነገር ካለበት ውሰዱ።

የእናቴ ወንድም አርጡማ ፉርሲ ውስጥ፣ ከገደል ሥር ነው የሚያርሱት። ሁለት ጥማድ ማሽላ፣ አንድ ጥማድ በቆሎ አላቸው። ገደሉ የዝንጀሮ ማደሪያ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል መንጋው ተራ በተራ ይወርዳል። የሚጠብቀው ትንሹ ልጃቸው ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ 6ኛ ክፍል። ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወር እሱ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፤ ከሱብሂ እስከ መግሪብ። አምና ኅዳር ላይ ወደ ክፍል ሲመለስ የመጀመሪያው ፈተና አልፎት ነበር።

አጎቴ ነሐሴ ላይ ጠርተውኝ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ነገሩን አወጡት። «አንዲት ቀላል ጠመንጃ ተገኝታለች። ሁለት ሦስቱን ብጥልባቸው መንጋው ዳግም አይመጣም። ልጁም ትምህርቱን ይማራል። ዋጋዋ የአንድ በሬ ነው። ግማሹን አንተ ብትችልልኝ ጥማዴን አላፈርስም» አሉኝ። ያላቸው ሁለት በሬ ነው። አንዱ ባቲ የሰኞ ገበያ ከወጣ በሚቀጥለው እርሻ መቀናጆ ፍለጋ ነው፤ መቀናጆ ደግሞ ባለ በሬው አርሶ ሲጨርስ ነው የሚገኘው። ዝናቡ እስከዚያ አይጠብቅም።

ልቤ ከሳቸው ጋር ነበር። ልጁን እወደዋለሁ፤ ጎበዝ ተማሪ ነው። «እሺ፣ መጀመሪያ ዕቃዋን እንያት» አልኳቸው።

አየናት። ደላላው «የተሠራች ናት» ይላታል፤ የተስተካከለች፣ የተዋበች ማለቱ ነው። በእጅ እየተሳበች አንድ አንድ ጥይት የምትጎርስ ዓይነት ናት። ጥይቷ ቀጭን ናት፣ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው «ሃያ ሁለት» የሚላት። አፈሙዟ ተቆርጦ አጥሯል፤ ሰደፏ በአዲስ እንጨት ተቀይሮ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ ማንገቻዋ አዲስ ቆዳ ነው። ከሩቅ ላያት ታምራለች። «ድምፅ የላትም፣ ትከሻ አትመታም፣ ሴትም ልጅም ይተኩሳታል» አለ ደላላው። ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አብሮን ጡረታ የወጣ ወታደር ጎረቤት ነበር። እሱ ውበቷን አላየም። ወዲያው ባዶ መሆኗን አረጋገጠና የሚሳበውን ብረት አውጥቶ ገለበጠው። እሱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ገላዋ ላይ ያለው ቁጥር ግን በሞረድ ተፍቋል። «ይሄ መዝጊያ የሌላ ጠመንጃ ነው» አለን። ምን ችግር አለው አልነው። እንዲህ ብሎ አስረዳን፦ እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ መዝጊያው ጥይቷን ከኋላ ደግፎ የሚይዝ ነው። ልኩ በፀጉር ነው የሚለካው። ከሌላ ጠመንጃ መጥቶ ትንሽ ክፍተት ከተወ፣ ሲተኮስ ቀለሁ ሊፈነዳ ይችላል፤ እሳቱና ቁርጥራጩ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ዓይን ነው። አፈሙዙ ሲቆረጥ ጫፉ እኩል ካልሆነ ደግሞ ጥይቷ ካነጣጠርክበት ትስታለች። በእሳት ተበይዶ ከሆነ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። ይህን ሁሉ ደላላው ፊት ነው የተናገረው። ደላላው «ሃምሳ ሰው ተኩሶባታል፣ ምንም አልሆነ» አለ። ሃምሳው ሰው የት እንዳለ አልነገረንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ የሚሳብ ጠመንጃ በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፤ ሞዴሉ የ1874 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጎርሶ አንድ የሚተኩስ ነው። ለበን የሚሉትም ሌበል ነው፤ ከ12 ዓመት በኋላ የመጣ፣ 8 ሚሊ ሜትር። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ውጅግራ የያዘ ብዙ ነበር። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ጠመንጃ ሁሉ የአባት ስም፣ የክብር ምልክት ነው። አጎቴ ዕቃዋን ሲያነሷት ፊታቸው ላይ ያየሁት ይኸው ነበር፤ ዝንጀሮ አልነበረም። ይህንን መናቅ አይገባም። ግን ለክብር የሚገዛ ዕቃና ለማሳ የሚገዛ ዕቃ ሒሳባቸው ይለያያል።

ወደ ማሳው እንመለስ። እኔ የምችለው ሒሳብ የማሳውን ነው፤ ስለዚህ ሌቦቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው።

ግሪሳ፦ ይቺ ወፍ 20 ግራም እንኳ አትሞላም። በቀን ወደ 10 ግራም እህል ታጠፋለች ይባላል፤ ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፣ ግን መንጋው አንድ ሚሊዮን ከሆነ 100 ኩንታል በቀን ነው። ለግሪሳ ጠመንጃ ማንሳት ደመናን በድንጋይ መምታት ነው። ለግሪሳ የሚረዳው ማደሪያዋን ማወቅ ነው። ጨፋ ረግረግ ላይ ፊላና ደንገል ውስጥ ሲመሽ እንደ ጭስ ሆና ስትገባ ያየ ሰው ቦታውን ለቀበሌው ግብርና ይንገር። መድኃኒቱ በአውሮፕላን የሚረጨው ወፏ በምታድርበት ቦታ፣ ሲመሽ ነው፤ ማደሪያዋ ካልታወቀ ርጭት የለም። ከርጭት በኋላ የሞተች ወፍ ለቅሞ መብላት አይገባም፤ ልጆችን አስጠንቅቁ።

ጃርት፦ የሌሊት ነው። ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ ሌሊት ወጥቶ የበቆሎውን አገዳ ከሥሩ ይቆርጠዋል። በጨለማ ምን አይተህ ትተኩሳለህ? የተንቀሳቀሰውን ሁሉ? የሚንቀሳቀሰው ውሃ ለማጠጣት የወጣው ጎረቤትህ ሊሆን ይችላል።

ከርከሮ፦ ቀንም ይመጣል፣ ደፋር ነው፣ ቆዳውም ወፍራም ነው። በቀጭን ጥይት ከቆሰለ ሰው ላይ ይዞራል። ሥጋውን ደግሞ እኛ ዘንድ የሚበላ የለም፤ ስለዚህ «ቢያንስ ሥጋ ይገኛል» የሚለውም አይሠራም።

ዝንጀሮ፦ ጃልዴሳ የምንለው። ዋናው ይኸ ነው፤ ብልጥም ነው። ጠባቂ አለው፤ አንዱ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ሌላው ይበላል። ሴት ወይም ሕፃን የሚጠብቀውን ማሳ እንደሚደፍር ገበሬው ሁሉ ይነግራችኋል። አንዴ ከተተኮሰበት ጠመንጃ የያዘውን ሰው ከሩቅ መለየት ይማራል፤ ሰውየው ቤት ሲገባ ተመልሶ ይመጣል። የጎለመሰ ወንዱ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የዚች የቀጭኗ ጥይት ዐረር ወደ 2.6 ግራም ነው፤ የክላሽ ዐረር ወደ 8 ግራም ሲሆን ፍጥነቱም ከእጥፍ በላይ ነው። ጉልበታቸው ሲነጻጸር ቀጭኗ የክላሽን አንድ አሥረኛ እንኳ አታክልም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ታቆስላለች እንጂ አትጥልም። የቆሰለ ወንድ ዝንጀሮ ጥርሱ እንዴት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፤ ውሻ ይዘነጥላል።

አጎቴ እዚህ ላይ «እንግዲያ ቀላል ከሆነች ለሰውም አታሰጋም ማለት ነው» አሉኝ። ተቃራኒው ነው አልኳቸው። ዝንጀሮ ለመጣል የማትበቃው ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች፤ ድንጋይ ወይም ውሃ ስትመታ ደግሞ ነጥራ ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። እስቲ ማሳውን በዓይናችሁ አስቡት። ወደ ላይ ብትተኩስ ከገደሉ አናት ፍየል የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ወደ ታች ብትተኩስ የቦርከና ሜዳ ነው፤ በበጋ የእኛም የአፋርም ከብት የሚሰማራበት፣ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት። ወደ ጎን የጎረቤት ማማ ነው፤ ማማው ላይ የጎረቤት ልጅ አለ። ጥይቷን የሚቀበል አፈር ከኋላ የሌለበት አቅጣጫ ሁሉ የተዘጋ ነው። ቆጠርነው፤ የቀረን አንድ ጥግ ነው። ዝንጀሮው ደግሞ በዚያ ጥግ አይመጣም።

አሁን ወደ ደላላው ቃል ልመለስ፤ «ሴትም ልጅም ይተኩሳታል» ወዳለው።

አጎቴን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ጠመንጃዋ ብትገዛ ማን ነው ማሳው ላይ የሚውለው? አንቱ ጠዋት ከብት ያያሉ፣ ጁሙዓ መስጊድ ይሄዳሉ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይወርዳሉ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፤ ዝንጀሮው የሚመጣው ልክ ያን ጊዜ ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ጠመንጃ ብቻውን ማሳ አይጠብቅም። ሰው ነው የሚጠብቀው። ሰውየው ደግሞ እስከ ዛሬ ያ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ጠመንጃ ስንገዛ ልጁን ከማማው የምናወርደው መስሎን ነበር፤ ነገሩን ስንፈታው ግን ማማው ላይ ትተነው ወንጭፉን በጠመንጃ ልንቀይርለት ነው። አክስቴ ጓዳ ሆና ትሰማ ኖሮ ብቅ ብላ «እኔ ከሞትኩ በኋላ!» አለችና ተመልሳ ገባች። በኔ ግምት ውሳኔው ያለቀው እዚያው ነበር፤ የቀረው ሒሳቡን መጨረስ ነው።

ሕጉንም ማንሳት አለብን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። መሣሪያ መያዝ፣ መነገድ፣ መጠገን፣ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ያሳስራል። ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ነው፤ ለእኛ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው የወረዳችን ፖሊስ ነው፤ ጥያቄውም የሚቀርበው ከመግዛት በፊት ነው። ቁጥሩ የተፋቀ፣ መዝጊያው የሌላ የሆነ መሣሪያ ይዞ ሄዶ «መዝግቡልኝ» ማለት ግን ምን ዓይነት ነገር ነው? ቁጥሩን የፋቀው ሰው ምክንያት ነበረው። ያቺ ጠመንጃ ከዚህ በፊት የት እንደነበረች፣ ማን ላይ እንደተተኮሰች አናውቅም፤ አንድ ቀን የሚጠየቀው ግን መጨረሻ የተያዘባት ሰው ነው። ሌላም አለ፦ ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ዝንጀሮ ሰብል ካስቸገረ ለወረዳው ማመልከት እንጂ በራስ ፈቃድ ገደል ድረስ ተከትሎ መግደል ሌላ ጥያቄ ያመጣል።

ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ አጎቴ ቀና ብለው አዩኝና እውነተኛውን ነገር አወጡት። «ልጄ፣ ዝንጀሮው ብቻ አይደለም» አሉ።

እዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገንም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በአጣዬና በእኛ ዞን የሆነውን እናስታውሳለን፤ በዚህም በዚያም ወገን ስንት ቤት ተቃጠለ፣ ስንት ሰው ቀረ። በ2014 መግቢያ ደግሞ ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲህ ማታ በሩን ሲዘጋ የማያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ለዝንጀሮ» ተብሎ የሚጠየቀው ጠመንጃ ለዝንጀሮ አይደለም። ሰው ፍርሃቱን ለግብርና ባለሙያ መናገር ስለሚከብደው በዝንጀሮ ስም ይጠይቃል።

ለዚህ እኔ መልስ የለኝም፤ ጸጥታ የኔ ሙያ አይደለም። ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው፦ ሁለቱን ጥያቄ እንለያቸው። ለማሽላ ከሆነ ዕቃዋ አትረባም፤ ይህን በሙያዬ እናገራለሁ። ለፍርሃት ከሆነ ደግሞ የምትፈነዳ፣ ያልተመዘገበች፣ ጥይቷ እዚህ ገበያ የማይታወቅ ቀጭን ጠመንጃ ምን ታደርግልዎታለች? የዚች ጥይት ቀለህ አንዴ ከተተኮሰ ተመልሶ አይሞላም፤ ጥይት ባለቀ ቁጥር የሚሄዱት ወደዚያው ደላላ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለ ዕቃ ቤት ውስጥ ካለ ነገ የድንበር ጭቅጭቅ ሲነሳ፣ የሰው ከብት ማሽላው ውስጥ ሲገባ፣ መጀመሪያ ትዝ የሚለው እሱ ነው። በዱላ ቢሆን ተማትተው በማግስቱ በአበጋሮቹ ፊት የሚታረቁበት ጸብ፣ ጥይት ሲገባበት የደም ይሆናል። አጎቴ ራሳቸው በሽምግልና ብዙ ጊዜ ተቀምጠዋል፤ ይህን ከኔ የበለጠ ያውቁታል። «እሱስ ልክ ነህ» አሉ፤ ቀጥለውም ሌላ ወሬ አነሱ።

ማታ ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁት። ሁለት ጥማድ ግማሽ ሄክታር ነው። በደህና ዓመት ከሄክታር 25 ኩንታል ብንይዝ ከሳቸው ማሳ 12 ኩንታል አካባቢ ይጠበቃል። ዝንጀሮው አምና ሦስት ኩንታል ያህል እንደወሰደባቸው ይናገራሉ። ጠመንጃዋ ደላላው እንዳለው ብትሠራ እንኳ፣ ሦስቱንም ኩንታል ብታተርፍ፣ የበሬውን ዋጋ ለመመለስ ብዙ ዓመት ያስፈልጋል፤ የጥይቱ ዋጋ ሳይቆጠር። በሬው ግን በዚያው ዓመት ያርሳል፣ ያበራያል፣ ሲያረጅ ይሸጣል። እናንተም በየአካባቢያችሁ የማሽላና የበሬ ዋጋ አስገብታችሁ ሥሩት፤ ቁጥሩ ይለያይ ይሆናል እንጂ ነገሩ የሚለወጥ አይመስለኝም።

እና ምን አደረግን?

ከገደሉ ሥር ማሳቸው የተያያዘ ስድስት ቤተሰብ አለ። እስከ ዘንድሮ እያንዳንዱ የየራሱን ልጅ በየራሱ ማማ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ስድስት ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል ማለት ነው። ማሽላ ለዝንጀሮ የሚጋለጠው ከእሸቱ ጀምሮ ፍሬው እስኪጠነክር ነው፤ ስድስት ሳምንት ብንለው 42 ቀን ነው። 42 ቀን ለስድስት ቤት ሲካፈል ለአንድ ቤት ሰባት ቀን ይደርሳል። ሰባት ቀን አንድ ዐዋቂ ሰው መስጠት የማይችል ቤት የለም። ደቦና ወንፈል ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ለጥበቃ ማዋሉ ብቻ ነው አዲሱ። አንድ ከፍ ያለ ማማ መንጋው በሚወርድበት በኩል ሠራን። ጠባቂው ዐዋቂ ነው፤ ወንጭፍና ጅራፍ ይይዛል፣ ሁለት ውሻ አብሮት ይውላል። ጅራፍ ሲጮህ ከጠመንጃ ድምፅ ብዙም አይተናነስም፤ ጥይት ግን የለውም።

ሁሉም ሰው ወዲያው አልተስማማም። አንዱ «የኔ ማሳ ከመንደሩ ጋ ነው፣ ዝንጀሮ አይደርስበትም፣ ለምን እጠብቃለሁ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ከገደሉ ጥግ ያሉት ሲበሉ እሱ በነሱ ጋሻነት ነው የሚተርፈው። ሁለት ቀን ተከራክረን የሱ ተራ ወደ አራት ቀን ዝቅ ብሎ፣ የቀረውን ሦስት ቀን የገደል ጥግ ያሉት ሦስት ቤቶች አንዳንድ ቀን ጨምረው ወሰዱት። እናንተ ጋም ይህ ክርክር ይነሳል፤ ከወዲሁ አስቡበት። ተራውን በቃል አትተዉት፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መስጊድ በር ላይ ወይም የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ለጥፉት።

ለሚቀጥለው ዘመን የተስማማንበት ደግሞ አዘራሩን ነው። ከገደሉ በኩል ያለው ጠርዝ ላይ ጤፍ ይዘራል፤ ዝንጀሮ ጤፍ ላይ እንደ በቆሎ አይጎመጅም፣ ጤፍ ውስጥም መደበቅ አይችልም። በቆሎው ወደ ቤት ይጠጋል። ማሽላውን ስድስቱም ቤት ተመሳሳይ ዝርያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይዘራል፤ አንዱ ቀድሞ እሸት ሲደርስለት መንጋውን ጠርቶ ለሌላው ያስለምድበታልና። በገደሉና በማሳው መካከል ያለው ቁጥቋጦ ላይ ሃያ ሠላሳ ሜትር የሚሆነው ይመነጠራል፤ ዝንጀሮ ገላጣ ቦታ ማቋረጥ አይወድም። አፈሩ እንዳይታጠብ ግን ሣሩን አትንኩት፤ የሚቆረጠው ቁጥቋጦው ብቻ ነው።

በሕጋዊ ፈቃድ የተመዘገበ መሣሪያ ቤታችሁ ያለ አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለናንተ አጭር ቃል፦ ጥይቱ ከውስጡ ይውጣ፣ ለብቻው ይቆለፍበት። ልጅ አይንካው፤ «ባዶ ነው» ተብሎ ስንት ቤት ሐዘን ገብቷል። ቁልፉንም ልጆች በማያውቁት ቦታ አስቀምጡ። አንጥረኛ ጋ ወስዳችሁ አታስቆርጡት፣ አታስበይዱት።

ጠመንጃዋን ሌላ ሰው ገዝቷት ይሆናል፤ ደላላው ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ለጠመንጃው ግማሽ ልሰጥ ከነበረው ገንዘብ ላይ ለማማው ምስማርና ለልጁ ደብተር አወጣሁ። ልጁ አሁን ክፍል ነው፤ ተራቸው ሲደርስ አጎቴ ራሳቸው ይወጣሉ፣ ቅዳሜ ከሆነ እሱ ምሳ ያደርስላቸዋል። ዝንጀሮው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተመልሷል፤ አንድ ቀን ጠባቂው ለቅሶ ሄዶ አንድ ጥግ በልተውብናል። ጃርቱ ግን አሁንም በቆሎውን እየቆረጠ ነው። የእሾህ አጥር ሞከርን፣ በሥሩ ቆፍሮ ገባ። አሁን ከአጥሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እየቀበርን ነው፤ በጃርት ላይ የሠራላችሁ ዘዴ ካለ ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ከነፎቶው አወጣዋለሁ።